ድፍን መቶ፣ ባዶ ዜሮ

ንጉሥ ኢዛና በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ በግዕዝ ያስቀረጸውን የአክሱም ድንጋይ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ጦርነቱም ስለ ሃይማኖቱም ሲሉ ደጋግመው መርምረውታል። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ድንጋዩ ይደምራል። የተማረኩ ወንዶች 214፣ ሴቶችና ልጆች 415፣ በድምሩ 629 ይላል። የተገደሉ ወንዶች 602፣ ሴቶችና ልጆች 156፣ በድምሩ 758። ከዚያ ሁለቱን ድምሮች እንደገና ደምሮ 1,387 ላይ ያደርሳቸዋል። ቀጥሎ የተዘረፈው ከብት 10,560፣ በጉ 51,050 ነው። የሰው ሕይወት እንዲህ እንደ እህል ተሰፍሮ ሲቀመጥ ማንበብ ያስደነግጣል። ሒሳቡ ግን ልክ ነው፤ አንባቢ እርሳስ ይዞ ቢያጣራ ስሕተት አያገኝበትም።

ይህን የደመረው ሰው ዜሮ አያውቅም። የሕንዱ ብራህማጉፕታ ስለ ዜሮ አደማመርና አቀናነስ ሕግ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ628 ነው፤ ከኢዛና ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ መሆኑ ነው። ያ ጸሐፊ ታዲያ ስድስት መቶና ሰባት መቶን እንዴት ደመረ? ልጁንስ እንዴት አስተማረ? ጥያቄው የጥንት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሊቃውንቱ እተወው ነበር። ነገር ግን ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ከሱቅ በሁለት መቶ ብር ስኳር ገዝቶ መልሱን በትክክል ቆጥሮ የሚመጣ ልጅ፣ ሰሌዳ ፊት ሲቆም 200 − 80 ስንት እንደሆነ የሚጠፋበት ምክንያት እዚሁ አካባቢ ያለ ይመስለኛል።

እስቲ ከምልክቶቹ እንጀምር። የግዕዝ ቁጥሮች ሃያ ናቸው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዘጠኝ ምልክት፣ ከዐሥር እስከ ዘጠና ሌላ ዘጠኝ ምልክት፣ ከዚያ መቶው ፻ እና እልፉ ፼። የመጡት ከግሪክ ፊደል ነው። ግሪኮች ፊደላቸውን ለቁጥር ሲያውሉ ለእያንዳንዱ አንድ፣ ለእያንዳንዱ ዐሥር፣ ለእያንዳንዱም መቶ የየራሱን ፊደል ሰጡት። ሁለት መቶ አንድ ፊደል ነው፤ ሦስት መቶ ደግሞ ከእርሱ ጋር ምንም የማይመሳሰል ሌላ ፊደል። አክሱማውያን የተዋሱት ግን እስከ መቶ ድረስ ብቻ ነው። ከመቶ በላይ ያለውን ትተው በራሳቸው መንገድ ሄዱ፤ ሁለት መቶን ፪፻፣ ሦስት መቶን ፫፻ ብለው ጻፉ። ሺ ሲደርሱም አዲስ ምልክት አላወጡም፤ ፲፻፣ ዐሥር መቶ አሉ። እልፉም ቢሆን ሁለት መቶዎች ተጣብቀው የተሠራ ነው፤ መቶ ጊዜ መቶ።

ይህ ትንሽ የሚመስል ውሳኔ ለሕፃን ምን ማለት እንደሆነ እንየው። ልጁ ፪ እና ፫ ሲደመሩ ፭ እንደሚሆኑ አውቋል እንበል። ፪፻ እና ፫፻ ስንት ነው ቢባል መልሱ ዓይኑ ላይ ነው፤ ፭፻። ሁለት በግና ሦስት በግ አምስት በግ እንደሚሆን ሁሉ ሁለት መቶና ሦስት መቶም አምስት መቶ ነው። መቶው እንደ በግ፣ እንደ ቁና፣ እንደ ብር የሚቆጠር ነገር ሆኗል። ወደ ዐሥሮቹ ሲመጣ ግን ነገሩ ይጨልማል። ፳ እና ፴ ሲደመሩ ፶ ይሆናሉ። በእነዚህ ሦስት ምልክቶች ውስጥ ሁለትም ሦስትም አምስትም አይታይም። ልጁ እንደ አዲስ በቃሉ መያዝ አለበት። እንግዲህ በግዕዝ ቁጥር ትልቁን ድፍን ቁጥር መደመር ከትንሹ ይቀልላል ማለት ነው፤ የዛሬ መጻሕፍት ከሚሄዱበት ቅደም ተከተል ጋር ፊትና ኋላ።

የሚገርመው፣ አፋችንም ልክ እንደ ብራናው መሆኑ ነው። «ሦስት መቶ»፣ «አራት ሺ» ስንል ቁጥሩና የሚቆጠረው ተለይተው ይሰማሉ። «ሠላሳ»፣ «አርባ»፣ «ሃምሳ» ስንል ግን ሁለቱ ቀልጠው አንድ ሆነዋል። አራትና አርባ፣ ስድስትና ስድሳ፣ ሰባትና ሰባ ዝምድናቸውን ጆሮ ያገኘዋል። አምስትና ሃምሳ ዘመዳሞች መሆናቸውን ለማየት ግን ወደ ግዕዙ ኀምስ መመለስ ያስፈልጋል። ሃያ ደግሞ ከሁለት ጋር ጨርሶ አይተዋወቅም። አፋን ኦሮሞ በዚህ ረገድ ለልጅ የበለጠ ቸር ነው። አፉር አራት ነው፣ አርባ አፉርታማ፤ ሸን አምስት ነው፣ ሃምሳ ሸንታማ፤ ሰገል ዘጠኝ ነው፣ ዘጠና ሰገልታማ። ቻይናዎችማ ይብሱኑ ሃያን «ሁለት ዐሥር»፣ ሠላሳን «ሦስት ዐሥር» ይላሉ፤ የሚደመረው ነገር ከስሙ ሳይወጣ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲያደርግ ክርክሩ ስለ ማንነትና ስለ ፖለቲካ ነበር። ስለ ሃያና ስለ ዲግዳማ የተከራከረ አልሰማሁም። እኔን ቢጠይቁኝ ከክርክሩ ግማሹ እዚህ ላይ መሆን ነበረበት።

እዚህ ላይ «ታዲያ ዜሮው መጥቶ ይህን ሁሉ አቃለለው አይደል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አዎን፣ አቃልሎታል። ከሕንድ ተነሥቶ በአል ኸዋሪዝሚና በሌሎች የዐረብኛ ጸሐፊዎች በኩል አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1202 የፒዛው ሊዮናርዶ ፊቦናቺ በጻፈው መጽሐፍ ለአውሮፓ ነጋዴዎች የተዋወቀው ይህ አጻጻፍ፣ እኛ ዘንድ የሕፃናት መማሪያ የሆነው ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ጋር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የከፈቱት ትምህርት ቤት ከግብፅ የመጡ መምህራን ነበሩት፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥር ለተማሪ ማለት 1፣ 2፣ 3 ሆነ። የግዕዙ ቁጥር ለዓመተ ምሕረት፣ ለመጽሐፍ ምዕራፍና ለሳንቲም ማስጌጫ ቀረ። በአዲሱ አጻጻፍ 20 + 30 = 50 ሲባል ሁለቱ፣ ሦስቱና አምስቱ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ብራናው የደበቀውን ዜሮ ገለጠው።

ገለጠና በሌላ በኩል ደግሞ ወጥመድ አስቀመጠ። መምህራን ለልጅ እንዲቀልለው ብለው «ዜሮዎቹን ተዋቸው፣ ፊተኞቹን ደምር፣ ከዚያ ዜሮዎቹን መልሳቸው» ይላሉ። ለ300 + 200 ይሠራል። ለ300 + 20 ግን ልጁ ሦስትና ሁለት አምስት ብሎ ዜሮዎቹን እንዳማረው ይመልሳቸዋል፤ አንዱ 500 ይጽፋል፣ ሌላው 50፣ ደፋሩ ደግሞ ሦስቱንም ዜሮ ሰብስቦ 5,000 ያደርገዋል። ይህን ስሕተት የትኛውም የሁለተኛ ክፍል መምህር ያውቀዋል። በግዕዝ ቁጥር ግን ይህን መሳሳት ራሱ ያስቸግራል። ፫፻ እና ፳ ሲደመሩ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ፫፻፳፣ አለቀ። የአንደበታችንም መንገድ ይኸው ነው፤ ሦስት መቶ እና ሃያ፣ ሦስት መቶ ሃያ። ልጁ የሚሳሳተው ጆሮው የሚያውቀውን ትቶ ዓይኑ ያየውን ዜሮ ሲከተል ነው።

መቀነስ ላይ ሲደረስ ነገሩ ይከፋል። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት የነበሩ መምህር 1000 − 350ን የሚያሠሩን በብድር ነበር። ከዜሮ ላይ አምስት አይቀነስምና ከጎረቤት ተበደር፤ ጎረቤቱም ባዶ ነው፤ ከእርሱ ጎረቤት ተበደር። በመጨረሻ ሰፈሩ ሁሉ ባዶ ሆኖ እዳው ጫፍ ላይ ያለው አንድዬ ላይ ይወድቃል። ማታ ማታ ቆሎ እየሸጠ የሚማር አንድ የክፍል ጓደኛ ነበረን። ይህን ጥያቄ መምህሩ ጽፈው ሳይጨርሱ «ስድስት መቶ ሃምሳ» ይላል። እንዴት አገኘኸው ሲባል «ሃምሳ ስጨምር አራት መቶ፣ ስድስት መቶ ስጨምር ሺ» ብሎ መለሰ። መልሱ ትክክል ነው ተባለ፤ አሠራሩን ስላላሳየ ግን ግማሽ ማርክ ተቀነሰበት። አሠራሩንማ አሳይቶ ነበር፤ መጽሐፉ ላይ ያለው አሠራር ስላልሆነ ነው እንጂ።

ይህ የቆሎ ሻጩ ዘዴ ከየት መጣ? ገበያ ውስጥ መልስ የሚሰጥ ሰው ሲቀንስ አይታይም። መቶ ብር ተቀብሎ የስድሳ አምስት ብር ዕቃ የሸጠ ባለሱቅ «ስድሳ አምስት» ብሎ ይጀምርና አምስት ብር እያስቀመጠ «ሰባ»፣ ዐሥር ብር እያስቀመጠ «ሰማንያ፣ ዘጠና፣ መቶ» ይላል። እየጨመረ ይቀንሳል። ወደ ድፍኑ ይሞላል። አማርኛችን ለዚህ ሥራ ቃላት አዘጋጅቷል። ያልተነካው ኖት ድፍን ነው፤ ድፍን መቶ፣ ድፍን ሃምሳ። ሲከፋፈል ይዘረዘራል፤ ውጤቱ ዝርዝር ነው። የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ «መበደር» ያለው ነገር ከመዘርዘር በቀር ሌላ አይደለም፤ አንዱን መቶ ወደ ዐሥር ዐሥሮች መለወጥ ነው። የተበደረ ይመልሳል፤ መቶ ብር የዘረዘረ ግን ለማንም እዳ የለበትም። «ተበደር» የተባለ ልጅ የሚመለስ ነገር ሲፈልግ ቢጠፋበት አይፈረድበትም።

ወደ ድፍን ቁጥር እየሞሉ መቀነስ የነጋዴ ብቻ አይደለም። ቤተ ክህነትም ታውቀዋለች። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት ለማውጣት ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው ሒሳብ የድፍን ቁጥር ድምር ነው፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ይጨምራል። ለ2017 ዓ.ም. 7,517 ይሆናል። ያንን ለአራት ሲያካፍል ትርፉ አንድ ስለሆነ ዘመኑ ማቴዎስ ነው። ለ19 ሲያካፍለው 12 ይተርፋል፤ አንዱን «ለዘመን» ብሎ ሲቀንስ ወንበሩ 11 ይሆናል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ ከ121 ላይ ሠላሳ ሠላሳ እየገደፈ ሲሄድ አበቅቴው 1 ሆኖ ይቀራል። መጥቅዑን ለማግኘት ደግሞ ወንበሩን በ19 አባዝቶ እንደገና ሠላሳ ሠላሳውን መግደፍ ይችላል። ግን አያስፈልገውም። አበቅቴና መጥቅዕ ምንጊዜም ተደምረው 30 ናቸውና፣ አንድን ሠላሳ ለመሙላት የሚጎድለውን 29 ማየት ብቻ ይበቃዋል። ባለሱቁ መቶን እንደሚሞላ፣ መርጌታው ሠላሳን ይሞላል። ድፍኑ ቁጥር ለአንዱ ኖት ነው፣ ለሌላው ወር።

በነገራችን ላይ፣ ወንበሩ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ሊቃውንቱ «አልቦ» ይሉታል፤ የለም ማለት ነው። እንግዲህ ባዶነት በሒሳባችን ውስጥ ስም ነበረው። የጎደለን ባዶውን ቦታ ይዞ የሚቆም ምልክት ነው። ፻፭ ሲጻፍ መካከል ላይ የዐሥሮች ቦታ ስለሌለ ባዶ መሆኑን የሚናገር አያስፈልግም።

የገንዘቡም ታሪክ ልጆች ከድፍን ቁጥር ጋር ባላቸው ትውውቅ ላይ የራሱ እጅ አለበት። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ቀን ያሠሩት ብር የሚከፈለው በግማሽ ነበር፤ አላድ ግማሹ፣ ሩብ የግማሹ ግማሽ፣ ተሙን ደግሞ ስምንተኛው። በዚህ ገንዘብ ያደገ ልጅ የሚያውቀው ማጋመስን ነው እንጂ ዐሥርን አይደለም። ብር በመቶኛ የተከፈለው በ1923 ዓ.ም. ነው። ከጣሊያን ወረራና ከምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ዘመን በኋላ በ1937 ዓ.ም. የወጣው ብር ደግሞ መቶ ሳንቲም ሆኖ ጸና። ሕዝቡ ግን ማጋመሱን አልተወም። ሃምሳ ሳንቲምን ሽልንግ፣ ሃያ አምስቱን ስሙኒ ብሎ ጠራቸው። እኔ ልጅ ሳለሁ ስሙኒ ገና ሰው ነበር። ሁለት ስሙኒ አንድ ሽልንግ፣ ሁለት ሽልንግ አንድ ብር። 25 + 25 = 50 መሆኑን የተማርኩት ከመምህር አይደለም፤ ከከረሜላ ነው።

ከትምህርት ቤት ውጭ የሚገኝ የሒሳብ ዕውቀት ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ በቁጥር ያሳየን ጥናት የመጣው ከሩቅ፣ ከብራዚል ነው። ቴሬዚኛ ካራኸር፣ ዴቪድ ካራኸርና አናሉሲያ ሽሊማን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጽሑፍ በሬሲፌ ከተማ መንገድ ላይ የሚሸጡ፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን አምስት ልጆች ፈተኑ። መጀመሪያ እንደ ደንበኛ ሆነው ገበያው ላይ ጠየቋቸው፤ ልጆቹ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። ቆይተው ያንኑ ሒሳብ ወረቀት ላይ በቁጥር ብቻ አቀረቡላቸው፤ ትክክለኛው መልስ ወደ 37 ወረደ። አንዱ ኮኮናት ሻጭ የአንዱ ዋጋ 35 ክሩዜሮ ሆኖ ዐሥሩ ስንት ነው ሲባል ዜሮ መጨመር አልታየውም። ሦስቱ 105፣ ሦስት ሲጨመር 210፣ እያለ በሦስት በሦስት ሄዶ 350 ደረሰ። የተመራማሪዎቹ ልጆች አምስት ብቻ ናቸውና ዓለምን ሁሉ በእነርሱ መፍረድ አይቻልም። እኔ ግን ሳነበው የታየኝ ያ ግማሽ ማርክ የተቀነሰበት ጓደኛችን ነው።

ይህ ሁሉ ዛሬ ለምን ያሳስበኛል? ያ የገበያ ትምህርት ቤት ከሁለት በኩል እየተነካ ስለሆነ ነው። በአንድ በኩል ቁጥሮቹ አደጉ። ስሙኒም ሽልንግም ከልጅ እጅ ጠፉ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የሁለት መቶ ብር ኖት ወጣ፤ አምስት ብሩም ወደ ሳንቲም እንዲለወጥ ተወሰነ። ዛሬ ለዳቦ የሚላክ ሕፃን በእጁ የሚይዘው ሃምሳ፣ መቶና ሁለት መቶ ነው። ፊደል ሳይቆጥር ድፍን መቶን ያውቃል። መማሪያ መጽሐፉ ግን በተለመደው መንገድ ከአንድ እስከ ዐሥር፣ ከዚያ እስከ ሃያ እያለ ይንፏቀቃል፤ መቶዎችን መደመር ላይ እስኪደርስ ልጁ ነገሩን ለብቻው ሲሠራው ከርሟል። ሁለቱ ዕውቀቶች ሳይገናኙ ይቀራሉ። ልጁ «ሁለት መቶ»ን ያውቀዋል፤ 200ን አያውቀውም።

በሌላ በኩል ደግሞ ኖቱ ራሱ ከእጅ እየወጣ ነው። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ያው በ2013 ዓ.ም. በግንቦት ነው። ዛሬ እናት ከቤት ሳትወጣ ለባለሱቁ በስልክ ትከፍላለች፤ ልጁ የሚያመጣው ዕቃውን ብቻ ነው። መልስ የለም፣ ዝርዝር የለም፣ «ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና፣ መቶ» የሚል ሰው የለም። ለእናት ምቾት ነው፤ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ከእንግዲህ ልጅ ድፍን ቁጥርን ሞልቶ መቀነስ የሚማርበት ቦታ ክፍል ውስጥ ካልሆነ የት እንደሚሆን አይታየኝም።

ክፍል ውስጥ ለማድረግ ደግሞ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ዐሥር ዐሥር ሆነው በገመድ የታሰሩ ጭራሮዎችን የሚጠቀሙ መምህራን አሉ። ሦስት እስርና ሁለት እስር ስንት እስር ነው ሲባል «አምስት እስር» ይላል ልጁ፤ ከዚያ በኋላ ነው «አምስቱ እስር ሃምሳ ይባላል» የሚባለው። አማርኛ የደበቀውን ዐሥር ገመዱ ያወጣዋል ማለት ነው። አርባ ላይ ሃያ አምስት ለመቀነስ አንዱ እስር ይፈታል፤ ማንም ከማንም አይበደርም። ወረቀት ተቆርጦ የመቶና የዐሥር ብር ኖት ተሠርቶበት፣ አንዱ ባለሱቅ ሌላው ገዢ ሆነው ቢቀመጡ ደግሞ የቀረውን ራሳቸው ያውቁበታል። የግዕዙን ቁጥርም ለዓመተ ምሕረት ማስጌጫ ብቻ ባናደርገው ደስ ይለኝ ነበር። ፪፻ እና ፫፻ን ጎን ለጎን ያየ ልጅ 200 እና 300 ላይ ሲደርስ ዜሮዎቹን ለመጣል አይቸኩልም፤ ዜሮዎቹ የቆሙት በ፻ ቦታ እንደሆነ ገብቶታልና። ያ የአክሱም ጸሐፊ ስድስት መቶ ሁለትና መቶ ሃምሳ ስድስትን ሲደምር መጀመሪያ መቶዎቹን፣ ስድስቱንና አንዱን፣ ሳይሰበስብ አልቀረም።